ምናባዊ ሰው ሲያጎነብስ ምን እንረዳለን?

በመንዝ ደጋ አንድ ሽማግሌ ወደ ቤት ሲገቡ ወጣቱ ከመቀመጫው ይነሣል፤ ጋቢውን አደግድጎ፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ ይቀበላቸዋል፤ ሲያናግሩትም ዓይን ዓይናቸውን አያይም። አንድም ቃል ሳይናገር አክብሮቱን ገልጧል። ይህንኑ ወጣት በኮምፒዩተር ስክሪን ላይ ብንሥለው ተመልካቹ ምን ይረዳል? በፕሮግራም እየተመራ ሰው መስሎ የሚናገረውንና የሚንቀሳቀሰውን እንዲህ ያለ ምስል ምናባዊ ሰው እንለዋለን።

የሰው አእምሮ እንቅስቃሴን ለመተርጎም ጊዜ አይፈጅበትም። ስዊድናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጉናር ዮሃንሰን እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተሙት ጥናት፣ በመገጣጠሚያዎቹ ላይ ጥቂት የብርሃን ነጥቦች የተደረጉለት ሰው በጨለማ ሲራመድ ታየ። ተመልካቾች ከነጥቦቹ በቀር ምንም ባያዩም የሚራመድ ሰው መሆኑን ወዲያው ለዩ። ከዚያ ቀደም፣ እ.ኤ.አ. በ1944፣ ፍሪትስ ሃይደርና ማሪያን ሲምል ሁለት ሦስት ማዕዘኖችና አንድ ክብ የሚንቀሳቀሱበትን ፊልም አሳይተው ነበር። አብዛኞቹ ተመልካቾች ቅርጾቹ እንደሚጣላና እንደሚሸሽ ሰው አድርገው ተረኩ። እንግዲህ ፊት በሌለበት እንኳ ሐሳብና ፍላጎት እናያለን ማለት ነው።

ይሁን እንጂ እንቅስቃሴን መለየት አንድ ነገር ነው፤ ትርጉሙን ማወቅ ሌላ። ትርጉሙን የምንማረው ካደግንበት ማኅበረሰብ ነው። በአንዳንድ አገሮች ዓይንን ሳይነቅሉ ማየት የቅንነት ምልክት ሲሆን በእኛ ዘንድ ለታላቅ ሰው ድፍረት ሊሆን ይችላል። ትንፋሽን ወደ ውስጥ ሳብ አድርጎ «አዎን» ማለትንም የማያውቀው እንግዳ እንደ ድንጋጤ ሊቈጥረው ይችላል። መንዝን ያጠኑት አሜሪካዊው የሶሲዮሎጂ ሊቅ ዶናልድ ሌቪን እ.ኤ.አ. በ1965 ያሳተሙትን መጽሐፍ «ሰምና ወርቅ» ብለውታል። በዚሁ አባባል ብንሄድ እንቅስቃሴው ሰሙ፣ ትርጉሙ ወርቁ ነው።

የምናባዊ ሰው እንቅስቃሴ ብዙ ጊዜ የሚቀዳው ከእውነተኛ ሰዎች አካል ስለሆነ የቀራጮቹም ባህል አብሮ ይገባል። ሶፊያ የተባለችው ሮቦት በ2010 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ መጥታ አማርኛ ስትናገር ሰምተናል። ነገር ግን ቃሉን ማስተማር ብቻውን አይበቃም። በመሐል ሜዳ የሚኖሩ እናት ስለ መድኃኒት አወሳሰድ የሚመክራቸውን ምናባዊ ሐኪም እንደ ባለጌ ካዩት፣ ምክሩ ትክክል ቢሆንም ላይቀበሉት ይችላሉ።

አንባቢያችን ይህን ራሱ ሊፈትነው ይችላል። አንድን ምናባዊ ሰው በሁለት መልክ ያዘጋጅ፤ አንዱ ተመልካቹን ትኵር ብሎ ይይ፣ ሌላው ዓይኑን ዝቅ ያድርግ፤ ንግግሩ ግን አንድ ይሁን። ሁለቱን ለአያቶቹና ለጓደኞቹ ለየብቻ አሳይቶ «የትኛውን ታምናላችሁ?» ብሎ ይጠይቅ፤ መልሱንም ይመዝግብ።