የካሊብር ስምና የካሊብር ልክ

የጦር መሣሪያን እንደ ባህል ቅርስ የሚመረምር ሰው አስቀድሞ የሚያገኘው ስሙን ነው፤ ስም ግን ሁልጊዜ የዕቃውን ልክ አይናገርም። ለዚህ ግልጽ ምሳሌ የሚሆነን በ1851 የወጣው፣ «ኔቪ» የተባለው የአሜሪካ ኮልት ሽጉጥ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

ይህ ሽጉጥ በመጀመሪያ በቀለህ የሚሠራ አልነበረም። የተሽከርካሪው ስድስት ጕድጓዶች ባሩድና ድቡልቡል እርሳስ በፊት በኩል ይጐርሱ ነበር፤ በኋላቸውም እሳት የምትሰጥ ትንሽ የመዳብ ቆብ ትደፋባቸው ነበር። መጠሪያው 36 ካሊብር፣ ይኸውም የአንድ ኢንች 36 መቶኛ ሲሆን፣ የአፈሙዙ ውስጣዊ ስፋት እስከ ተቀረጸው ቦይ ሲለካ ወደ 0.375 ኢንች ይደርስ ነበር።

የብረት ቀለህ በተስፋፋ ጊዜ የኮልት ፋብሪካ ወዲያው ሊከተል አልቻለም። ከዳር እስከ ዳር የተበሳ ተሽከርካሪ የመሥራት መብት በ1855 ለሮሊን ዋይት ተሰጥቶ፣ ስሚዝና ዌሰን ይሠሩበት ነበርና። መብቱ በ1869 ሲያበቃ፣ ኮልት በ1870ዎቹ ነባሮቹን ሽጉጦች ለቀለህ እንዲስማሙ መለወጥ ያዘ፤ አፈሙዙ ግን ብዙ ጊዜ እንዳለ ይቀር ነበር።

ስለዚህ ጥይቱ አፈሙዙን እንዲሞላ መወፈር ነበረበት። ቀጭን ተረከዙ ብቻ ወደ ቀለሁ ገብቶ፣ አካሉ ከውጭ ቀረ፤ ውፍረቱም ወደ 0.38 ኢንች ስለ ቀረበ 38 ተባለ። ኋላ ግን ቅባቱ ለአቧራ እንዳይጋለጥ ቅባት የያዘው የጥይቱ አካል በቀለህ ውስጥ ተከተተ፤ ውፍረቱም ወደ 0.357 ወረደ። ልኩ ሲለወጥ ቍጥሩ አልተነካም። «38 ስፔሻል» ዛሬም በዚሁ አሮጌ ቍጥር ይጠራል፤ በ1935 የወጣው «357 ማግነም» ግን፣ የጥይቱ ውፍረት ያው ሆኖ ሳለ፣ እውነተኛውን ልክ በስሙ ይዞ መጣ።

በአገራችን ደግሞ ነገሩ በሌላ መልክ ይገኛል። ውጅግራ የሚለው ስም «ፉዚል ግራ» ከሚለው ፈረንሳይኛ የመጣ ነው። የ1874ቱ ግራ ጠመንጃ አንዳንዱ እንደ አዲስ የተሠራ፣ አንዳንዱ ግን በወረቀት ጥይት ይተኩስ ከነበረው ከ1866ቱ ሻስፖ የተለወጠ ነው። ከኮልት ዘንድ አሮጌ ቍጥር አዲስ ልክ ሲሸፍን፣ ከዚህ አንድ ስም ሁለት ልደት ያላቸውን ዕቃዎች ይሸፍናል።

እንግዲህ በመዝገብ ላይ «ውጅግራ» ብሎ ብቻ የሚያልፍ መዝጋቢ የዕቃውን ግማሽ ታሪክ ይጥላል። ባለቤቱ የሚጠራበት ስም በአንድ ዓምድ፣ በመለኪያ የተገኘው ልክና የመለወጡ ምልክት በሌላ ዓምድ ሊጻፉ ይገባል፤ ስሙ የሰዎቹን ትዝታ፣ ብረቱ የአንጥረኛውን ሥራ ይመሰክራልና።