የሰንበቴ ግመልና ሁለተኛው ሕግ

«ሁለተኛው የቴርሞዳይናሚክስ ሕግ ዝግመተ ለውጥን ውድቅ ያደርገዋል» ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። ክርክሩ እንዲህ ነው፦ ኢንትሮፒ ሁልጊዜ ይጨምራል፤ ኢንትሮፒ ማለት መበታተን ነው፤ ስለዚህ ከአንድ ሕዋስ ተነስቶ ግመል ወይም ሰው ላይ መድረስ አይቻልም። አሳማኝ ይመስላል አይደል? ችግሩ ሕጉን ግማሹን ብቻ መጥቀሱ ነው።

ሩዶልፍ ክላውዚየስ በ1865 እ.ኤ.አ. «ኢንትሮፒ» የሚለውን ስም ያወጣለት መጠን የማይቀንሰው፣ ምንም ነገር በማይገባበትና በማይወጣበት ሥርዓት ውስጥ ነው። በር ክፍት ከሆነ ግን አንድ ቦታ ሊቀንስ ይችላል፤ ሌላ ቦታ ላይ ቢያንስ ያንኑ ያህል እስከጨመረ ድረስ።

እስቲ የሸክላ እንስራን አስቡ። በደረቅ ቆላ አየር ውስጥ ያለው ውሃ ከአየሩ ይበልጥ ይቀዘቅዛል። ተአምር አይደለም፤ በሸክላው ቀዳዳዎች የሚያዣው ውሃ ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። የቀረው ውሃ ኢንትሮፒ ይቀንሳል፤ ተንኖ የሄደው ደግሞ ከዚያ የበለጠ ይጨምራል። ሒሳቡ ተዘጋ።

ምድርም በሯ ክፍት ነው። ወደ 5,800 ኬልቪን ገደማ ከሚሞቀው የፀሐይ ገጽ ብርሃን ትቀበላለች፤ የተቀበለችውን ያህል ኢነርጂም ወደ ጠፈር ትመልሳለች። ግን ለእያንዳንዱ የገባ ፎቶን 20 ገደማ ደካማ የኢንፍራሬድ ፎቶኖች ይወጣሉ። መጠኑ ያው ነው፤ የተበተነው ግን እጅግ ብዙ ነው። ሣሩም፣ ሣሩን የሚበላውም የሚኖሩት በዚህ ልዩነት ነው።

እንግዲህ ሕጉ ዝግመተ ለውጥን አይከለክልም። ያረጋግጠዋል ማለትም አይደለም፤ ማስረጃው የሚመጣው ከዘረመልና በ1974 እ.ኤ.አ. አፋር ሃዳር እንደተገኘችው ድንቅነሽ ካሉ ቅሪተ አካላት ነው። ታዲያ ቴርሞዳይናሚክስ ምን ይሠራል? ዋጋ ይተምናል።

ከከሚሴ ሳትደርሱ፣ በአዲስ አበባ–ደሴ መንገድ ላይ ያለችው ሰንበቴ በእሁድ ገበያዋ ትታወቃለች። አፋሩ፣ ኦሮሞው፣ አርጎባውና አማራው ይገናኙባታል። ከቆላው የሚመጣው ግመል ይህን ሒሳብ በሰውነቱ ይዞ ይዞራል።

ሰው ሲሞቀው እንደ እንስራው ያደርጋል፦ ያልባል። ግን ላብ ውሃ ያስከፍላል። ውሃ የጠማው ግመል ሌላ መንገድ አለው። ክኑት ሽሚት-ኒልሰንና ባልደረቦቹ በ1950ዎቹ ሰሃራ ውስጥ እንደለኩት፣ የሰውነቱ ሙቀት ንጋት ላይ ወደ 34 ዲግሪ ወርዶ ከሰዓት በኋላ ወደ 41 ሊወጣ ይችላል። የቀኑን ሙቀት አጠራቅሞ ሌሊት በነፃ ይለቀዋል።

እናስላው። 500 ኪሎ የሚመዝን ግመል በ6 ዲግሪ ቢሞቅ፣ ለአንድ ኪሎ በዲግሪ 3.5 ኪሎጁል ብንይዝ፣ 10,500 ኪሎጁል ያጠራቅማል። አንድ ሊትር ላብ ለማትነን 2,400 ኪሎጁል ገደማ ይፈልጋል። ስለዚህ በቀን ከ4 ሊትር በላይ ውሃ ይተርፈዋል። ውሃ በጠፋበት አገር ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ፍየልስ? 30 ኪሎ የምትመዝን ፍየል ቅርጿ ከግመል ጋር አንድ ነው ብንል፣ በኪሎ ሲሰላ የቆዳዋ ስፋት 2.5 እጥፍ ገደማ ይሆናል። ቶሎ ትሞቃለች፤ የግመሉ ዘዴ ለእሷ ያን ያህል አያዋጣም። ልብ በሉ፣ ሕጉ «ግመል ይኑር» አላለም። አጥሩን አጠረ፤ በአጥሩ ውስጥ ማን ዘር እንደሚተካ የለየው የተፈጥሮ ምርጫ ነው።

ይህ አጥር ዛሬም አለ። የግመሉ ቁጠባ የቆመው በቀዝቃዛ ሌሊት ላይ ነው። ሌሊቱ ሞቆ ግመሉ በ2 ዲግሪ ከፍ ብሎ ቢያነጋ፣ ከላይ ካሰላነው ቁጠባ ሲሶው ይጠፋል፤ ወደ 1.5 ሊትር ውሃ ማለት ነው። ግመል አንድ ዓመት ያልፋል አርግዞ፣ የሚወልደውም በአብዛኛው አንድ ነው። ዝግመተ ለውጥ በትውልድ ይቆጥራል፤ የአየር ንብረቱ ግን በአሥርት ዓመታት እየተለወጠ ነው። ሁለተኛው ሕግ ደግሞ ዱቤ አይሰጥም። ጉድለቱን የሚሞላው ውሃ ቀድቶ የሚያጠጣው እረኛ ነው።