እጀታው ሲላላ፦ የሞተር ፍሬን አየር ማስወጣት

ደህና የሆነ የሞተር ሳይክል የፊት ፍሬን ሁለት ጣት ይበቃዋል። እጀታው ትንሽ ይሳብና ቀጥ ይላል። አንዳንዴ ግን ይልማል፤ እስከ መሪው ድረስ ይሳባል፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ቶሎ ቶሎ ሲስቡት ደግሞ መልሶ ይጠነክራል። ይህ ዓይነቱ ፍሬን ብዙውን ጊዜ መስመሩ ውስጥ አየር ገብቷል ማለት ነው።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ከእጀታው ሥር ባለው ማስተር ሲሊንደር ውስጥ አንዲት ትንሽ ፒስተን የፍሬን ዘይቱን ትገፋለች። ግፊቱ በቱቦው ወርዶ ጎማው አጠገብ ካለው ካሊፐር ይደርሳል፤ እዚያ ያሉት ሰፋ ያሉ ፒስተኖች የፍሬን ሸራውን ከዲስኩ ጋር ያጣብቁታል። ዘይት ሲጫኑት አይታመቅም፤ አየር ግን ይታመቃል። መስመሩ ውስጥ አረፋ ካለ የነጂው ጉልበት አረፋውን ሲያምቅ ያልቅና ለሸራው የሚተርፈው ጥቂት ነው።

ይህን አሠራር ለብዙኃኑ ያደረሰው በ1969 እ.ኤ.አ. የወጣው ሆንዳ ሲቢ 750 ነው። በሃይድሮሊክ የሚሠራ የፊት ዲስክ ፍሬን ይዞ በብዛት የተመረተ የመጀመሪያው ሞተር እሱ ነበር። በአገራችን መንገዶች ላይ በብዛት የሚታዩት ቦክሰር የተባሉት ሞተሮች አብዛኞቹ በገመድ የሚሳብ የከበሮ ፍሬን ስላላቸው ዘይትም አየርም አያሳስባቸውም። የዲስክ ፍሬን ያላቸውን ፐልሳርና አፓቺ የሚነዳ ሰው ግን ነገሩ ይመለከተዋል።

የፍሬን ዘይት ሌላም ጠባይ አለው፤ ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። ዶት 4 የሚባለው ዓይነት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ መቆየት አለበት። 3.7 በመቶ ውኃ ሲገባበት ግን መስፈርቱ ራሱ ወደ 155 ዲግሪ ይወርዳል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ሲወረድ ፍሬኑ ላይ ተንጠልጥሎ የሚሄድ ሰው ካሊፐሩን ምን ያህል እንደሚያግለው ማሰብ አያስቸግርም። ውኃ የጠጣ ዘይት እዚያ ሊፈላ ይችላል፤ እንፋሎቱም እንደ አየር ይታመቃልና እጀታው ባዶ ይሆናል። ብዙ አምራቾች ዘይቱ በየሁለት ዓመቱ ይቀየር የሚሉት ለዚህ ነው። ዓይንም ይመሰክራል፦ አዲሱ ዘይት ነጣ ያለ ቢጫ ነው፤ ያረጀው ጠላ ይመስላል።

ሥራው ጋራዥ አያስፈልገውም። ልኩን የጠበቀ ቁልፍ (ብዙ ጊዜ ባለ 8)፣ ካቻቪቴ፣ ውስጡ የሚታይ ቀጭን የላስቲክ ቱቦ፣ ትንሽ ጠርሙስና ያልተከፈተ የዘይት ቆርቆሮ ይበቃል። የዘይቱ ዓይነት እጀታው አጠገብ ባለው የዘይት ማጠራቀሚያ ክዳን ላይ ተጽፏል፤ ዶት 4 ከተባለ ዶት 5 አይገባም፣ እሱ ሲሊኮን ነው። የሞተር ዘይት መጨመር ደግሞ ጎሚኒዎቹን አሳብጦ ፍሬኑን ያበላሻል። ታንከሩን በእርጥብ ጨርቅ መሸፈን ግድ ነው፤ የፍሬን ዘይት ቀለም ይልጣል።

መሪው ማጠራቀሚያው ደልዳላ እስኪሆን ይዞራል፤ ክዳኑ ይከፈታል። የክዳኑ ብሎኖች ጥርሳቸው ቶሎ ስለሚበላ ካቻቪቴው በደንብ የሚገጥም ይሁን። ከዚያ ቁልፉ ካሊፐሩ ላይ ባለችው የአየር ማስወጫ ኒፕል ላይ ይገባል፤ ቱቦው ከላይ ይሰካል፤ ሌላኛው ጫፉ ጠርሙሱ ውስጥ ባለ ዘይት ይጠልቃል። እጀታውን ስቦ መያዝ፣ ኒፕሉን ሩብ ዙር ማላላት፣ እጀታው ወደ መሪው ሲወርድ ኒፕሉን መልሶ ማጥበቅ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ እጀታውን መልቀቅ። ቅደም ተከተሉ አይዛነፍም፤ ኒፕሉ ሳይጠብቅ እጀታው ከተለቀቀ አየር በወጣበት መንገድ ተመልሶ ይሳባል። አረፋው መጀመሪያ በቱቦው ውስጥ ተከታትሎ ይወርዳል፤ ቆይቶ አንድ አንድ ይሆናል፤ በመጨረሻም ጥርት ያለ ዘይት ብቻ ይወጣል።

ብዙዎች የሚሳሳቱት ከላይ ነው። ዓይናቸው ጠርሙሱ ላይ ተተክሎ ማጠራቀሚያው ይደርቃል፤ አየርም ከላይ ገብቶ ሥራው ሁሉ እንደ አዲስ ይጀመራል። እጀታው አምስት ስድስት ጊዜ በተሳበ ቁጥር ዘይት መጨመር ይሻላል።

ደጋግሞ ተሠርቶም እጀታው እንደላመ ሊቀር ይችላል። አረፋ ተፈጥሮው ወደ ላይ መውጣት ነው፤ ሥራው ግን ወደ ታች ይገፋዋል። ስለዚህ የመጨረሻዋ አረፋ ብዙ ጊዜ ቱቦው ከማስተር ሲሊንደሩ በሚጋጠምበት ከፍ ያለ ቦታ ትሸሸጋለች። ያኔ እጀታውን በጣት ጫፍ ነካ ነካ ማድረግ ነው፤ ከማጠራቀሚያው ወለል ቀዳዳ የመርፌ ጫፍ የሚያካክሉ አረፋዎች ብቅ ብቅ ይላሉ። ትዕግሥት የሚጠይቀው፣ ለውጡም ወዲያው በእጅ የሚሰማው ይኸኛው ክፍል ነው። ይህም ካልሆነ ዘይቱን በሲሪንጅ ከካሊፐሩ ወደ ላይ መግፋት ይቻላል፤ ማጠራቀሚያው እንዳይፈስ አስቀድሞ ጎደል ማድረግ ያስፈልጋል። ኤቢኤስ (ጎማው እንዳይቆለፍ የሚከላከል ሥርዓት) ባለው ሞተር ግን አየር ወደ ኤቢኤሱ መቆጣጠሪያ ከገባ ለባለሙያ መስጠት ይሻላል።

ክዳኑ ከተገጠመ በኋላ እጀታው ለደቂቃ ያህል ጠበቅ ተደርጎ ይያዝ፤ ቀስ እያለ ከወረደ ወይም ኒፕሉ ካንጠባጠበ ሞተሩ ከግቢ አይወጣም። ከጠነከረ በዝግታ ተነድቶ ይሞከራል። ካሊፐሩና ዲስኩ በውኃ ይታጠባሉ፤ ሸራው ዘይት ከነካው መለወጥ አለበት። ቆርቆሮው ውስጥ የተረፈው ዘይት አንዴ አየር አግኝቶታልና ለከርሞ ተብሎ አይቀመጥም።