የባሚያ ዘመድ በሽቶ ገበያ

ዝባድ በቀንድ ሞልቶ ወደ ውጭ የሚልክ ነጋዴ ተፎካካሪው ሌላ ጥርኝ አርቢ ብቻ ሊመስለው ይችላል። ሆኖም ከተፎካካሪዎቹ አንዱ ከእርሻ የሚታፈስ ዘር ነው። ስሙ አምብሬት ይባላል፤ የባሚያ የቅርብ ዘመድ ነው። በህንድ «ሙሽክ ዳና»፣ ማለትም የምስክ ፍሬ፣ በመባል ይታወቃል።

ምስክ የሚገኘው ከምስክ አጋዘን ሲሆን አጋዘኑ ለዚሁ ሲባል ሲታደን ኖሯል። ዝባድም ጥርኙ በጠባብ ጎጆ ተይዞ ስለሚወሰድ በውጭ አገር ወቀሳ አስነስቷል። ታዋቂው የፈረንሳይ ሽቶ አምራች ሻኔል እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ ዝባድን በሰው ሠራሽ መተካቱን አስታውቋል። ከእንስሳ ያልመጣ፣ ነገር ግን ተፈጥሯዊ የሆነ የምስክ ሽታ ለሚፈልግ ሽቶ ሠሪ አምብሬት አማራጭ ሆኗል።

ገበያው በሽቶ አያበቃም። ዘሩ በአረብ አገሮች ለቡና ማጣፈጫነት ይውላል፤ በአልኮል መጠጦችም ይገባል።

ይሁን እንጂ ትርፉ በቀላሉ የሚገኝ አይደለም። ፍሬው በአንድ ጊዜ ስለማይደርስ በእጅ እየተመላለሱ መልቀም ያስፈልጋል፤ ይህም የጉልበት ወጪውን ያንረዋል። ከአንድ ኩንታል ዘር የሚገኘው ዘይት ደግሞ ከ200 እስከ 600 ግራም ቢሆን ነው። ሽታው ያለው በዘሩ ቅርፊት ውስጥ ስለሆነ ዘሩ ሳይፈጭ እንዳለ በእንፋሎት ይጣራል፤ ከተፈጨ የውስጡ ቅባት ከሽታው ጋር ይደባለቃል። እንዲያም ሆኖ ዘይቱ ሲቀዘቅዝ እንደ ቅቤ ይረጋል። ቅባቱን የሚለየው ተጨማሪ ማጣራት የሚሠራው ሰው ጥሬ ዘር ከሚሸጠው ይልቅ የተሻለ ዋጋ ያገኛል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የፋብሪካ ፉክክር ነው። የሽታውን ዋነኛ ንጥረ ነገር፣ አምብሬቶላይድን፣ ማክስ ኬርሽባውም የተባለ ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1927 ለይቶ አሳውቋል። ዛሬ በፋብሪካ ይመረታል። ስለሆነም የተፈጥሮው ዋጋ ከልክ ሲያልፍ ገዢው ወደ ፋብሪካው ፊቱን ያዞራል።

እንግዲህ በዚህ ዘር ገንዘቡን ማፍሰስ የሚያስብ ባለሀብት ከመሬቱ አስቀድሞ ገዢውን፣ ከገዢውም ጋር ማጣሪያውን ማሰብ ይኖርበታል። የዝባድ ነጋዴም ቢሆን ገዢው ከዋጋው ቀጥሎ ሽታው እንዴት እንደተገኘ እንደሚጠይቀው ከወዲሁ ቢያውቀው ይበጀዋል።