ከላፕቶፕ ወደ ታብሌት፦ «ከት» አትበሉ፣ «ኮፒ» በሉ

ባለፈው ማክሰኞ ማታ እዚሁ ካኩማ በዝግጅት ክፍላችን የደረሰብንን ነገር ለሌላው ትምህርት ይሆናል በማለት ሳንደብቅ ልንጽፈው ወደድን።

ነገሩ እንዲህ ነው። የፎርም ፎር ተፈታኞችን በትርፍ ሰዓቱ የሚያስጠና አንድ ወንድማችን ሦስት ወር ሙሉ የደከመበትን 14 ምዕራፍ የሒሳብ ማስታወሻ ከነቪዲዮው በእኛ ላፕቶፕ ሠርቶ ጨረሰ። ልጆቹ በጋራ በሚያነቡበት ታብሌት ላይ እንድንጭንለትም ጠየቀን። እኛም የታብሌቱን ሚሞሪ ካርድ አውጥተን ላፕቶፑ ላይ ሰካንና፣ ቦታ እንዳይዝብን ብለን «ከት» አድርገን ካርዱ ላይ ለጠፍነው። ሥራው ሳያልቅ ጄኔሬተሩ ጠፋ። የላፕቶፓችን ባትሪ የሞተ ስለሆነ እሱም አብሮ ድርግም አለ። መብራት ሲመጣ ብናይ 3 ምዕራፎች ላፕቶፑ ላይ የሉም፤ ካርዱ ላይ ደግሞ ስማቸው እንጂ እነሱ የሉም፣ አይከፈቱም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይሄ ነው።

ስለዚህ ከስሕተታችን የተማርነውን እነሆ።

አንድሮይድ ታብሌት ከሆነ በገመድ ማገናኘት ይቀላል። ነገር ግን ታብሌቱ ሲሰካ ብዙ ጊዜ ቻርጅ ብቻ ነው የሚያደርገው። ስክሪኑን ከፍታችሁ ከላይ ወደ ታች ሳቡና «ፋይል ትራንስፈር» የሚለውን ምረጡ። ያኔም ላፕቶፑ ካላየው ታብሌቱን ከመውቀሳችሁ በፊት ገመዱን ቀይሩ፤ ገበያ ላይ ቻርጅ ብቻ የሚያደርግ ገመድ ሞልቷል።

በፍላሽ ወይም በካርድ የምትጠቀሙ ደግሞ ይህን ልብ በሉ፦ «ፋት 32» በሚባለው አሠራር ፎርማት የተደረገ ከሆነ፣ ባዶ ቦታ ቢኖረውም ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም። ብሉቱዝ ለትንንሽ ጽሑፍ ይበቃል እንጂ የ1 ጊጋባይት ቪዲዮ ከአንድ ሰዓት በላይ ሊፈጅበት ይችላል። ሦስቱም መንገዶች ኢንተርኔት አይፈልጉም፤ ባንድል አይበሉም።

በአማርኛ የተጻፈ ከሆነ ሌላ ጣጣ አለ። የግዕዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው በ1999 (እ.ኤ.አ.) ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት የፊደል ፕሮግራሞች የተጻፈ ሰነድ ታብሌት ላይ ሲከፈት ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆናል። መፍትሔው ላፕቶፑ ላይ እያለ ወደ ፒዲኤፍ ቀይሮ መላክ ነው።

ከሁሉም በላይ ግን ቅደም ተከተሉን አትርሱ። መጀመሪያ ኮፒ ማድረግ፣ ቀጥሎ «ኢጀክት» ብሎ መንቀል፣ ከዚያ ታብሌቱ ላይ እያንዳንዱን ከፍቶ ማየት። ዋናውን ማጥፋት ካስፈለገም ከዚህ በኋላ ነው። የትምህርት ማስረጃችሁን ወይም የጉዳይ ወረቀታችሁን ስካን አድርጋችሁ የያዛችሁ በተለይ ተጠንቀቁ፤ የእነዚያ ሌላ ቅጂ ላይገኝ ይችላል።

የእኛው ጉድ ሙሉ በሙሉ ያልከፋው መምህሩ በእጁ የጻፈበት ደብተር ስላልጠፋ ነው። ቪዲዮዎቹን ግን እንደገና መቅረጽ ግድ ሆኗል። እሱ አንድም ክፉ ቃል አልተናገረንም፤ እኛ ግን አፍረናል። ሦስቱን ምዕራፎች ማታ ማታ እየተፈራረቅን በመጻፍ ላይ ነን። መጻፍ የምትችሉ ብትረዱን ልጆቹ ከፈተናው በፊት ይደርስላቸዋል።