ዘንቢሉ ከበሩ ጀርባ ይሰቀል
የረመዳን ገበያና የፌስታል ነገር



የረመዳን ገበያ ከሌላው ወር ገበያ ይለያል። በሌላ ጊዜ የሳምንቱን አስቤዛ በአንድ ቀን የሚገዛ ቤተሰብ በረመዳን በየቀኑ ከዐስር ሶላት በኋላ ይወጣል። ዛሬ ሐብሐብ ይገዛል፤ ነገ ለሳንቡሳ የሚሆን ምስርና ቃሪያ ያስፈልጋል፤ ከነገ ወዲያ ቴምሩ ያልቃል። መግሪብ እየቀረበ ስለሆነ ሁሉም ይቸኩላል፣ ልጅም ይላካል። ባዶ እጅ የተሄደበት ገበያ ታዲያ ብዙ ፌስታል አሸክሞ ይመልሳል፤ ዳቦው በአንድ፣ ቲማቲሙ በአንድ፣ ሎሚው በሌላ።

እስቲ እናስላው። በቀን አምስት ፌስታል ወደ ቤቱ የሚያስገባ ቤተሰብ ረመዳን ሰላሳ ቢሞላ 150 ፌስታል አስገብቷል። በአንድ መስጂድ ዙሪያ እንዲህ ያሉ ሁለት መቶ ቤተሰቦች ቢኖሩ በአንድ ወር 30,000 ይሆናል። ብዙው ከገበያ እስከ ቤት ካገለገለ በኋላ ሥራው ያበቃል። ከዚያ በኋላ ግን አይጠፋም። ነፋስ ወደ ቱቦ ይከተዋል፤ ክረምት ሲገባ ቱቦው ይደፈንና ጎርፉ ወደ ሰው ቤት ይዞራል። ሜዳ ላይ የቀረውን ላምና ፍየል ይበሉታል፤ ሆዳቸው ውስጥ ስለማይፈጭ ከስተው ይሞታሉ። ለዒድ የታረደ በሬ ጨጓራ ሲከፈት የፌስታል ጥቅልል እንደሚገኝ የሚያርዱ ሰዎች ያውቁታል።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የኢማን ቅርንጫፎች ከስልሳ ወይም ከሰባ በላይ መሆናቸውን ሲያስተምሩን ዝቅተኛው ቅርንጫፍ ከመንገድ ላይ አዛን፣ ማለትም ሰውን የሚያስቸግር ነገርን፣ ማስወገድ እንደሆነ ነግረውናል። ከመንገድ ላይ ማንሳቱ ይህን ያህል ቦታ ካለው፣ ከመነሻው እንዳይጣል ማድረግ ደግሞ ለጎረቤትም ለመንገደኛም የሚቀል ነው።

ሕጉም መጥቷል

ነገሩ በአገራችን ሕግ ውስጥም አዲስ አይደለም። የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513/1999 ውፍረቱ 0.03 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች የሆነ የፕላስቲክ ከረጢት ለማምረትም ሆነ ከውጭ ለማስገባት ፈቃድ እንዳይሰጥ ከልክሎ ነበር። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ባጸደቀው አዲስ አዋጅ ክልከላው ጠንክሮ ቅጣትም ተደንግጎበታል። ሌሎች የምሥራቅ አፍሪካ አገሮችም በዚህ መንገድ ሄደዋል፤ ሩዋንዳ በ2008፣ ኬንያ በ2017፣ ታንዛኒያ በ2019 (ሁሉም እ.ኤ.አ.) ፌስታልን አግደዋል። ቤተሰብ ግን ቅጣት ስለፈራ ብቻ ልማዱን አይለውጥም። ልማድ የሚለወጠው ቤት ውስጥ ሥርዓት ሲበጅ ነው።

ዘንቢል የቆየ ወዳጃችን ነው

ለዚህ የሚያስፈልገን ዕቃ ከሩቅ የሚመጣ አይደለም። ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ታዋቂ ሐዲስ፣ በረመዳን ቀን ፆሙን ያፈረሰ አንድ ሰው መጥፋቱን እየተናገረ ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መጣ። ባሪያ ነጻ ማውጣትም፣ ሁለት ወር በተከታታይ መፆምም፣ ስልሳ ድሃ ማብላትም እንደማይችል ተናገረ። ጥቂት እንደቆየ ቴምር የተሞላ ዕቃ መጣ፤ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) ሰውየው ወስዶ ሰደቃ እንዲያደርገው ነገሩት። እሱ ግን ከመዲና ዳር እስከ ዳር ከቤተሰቡ የባሰ ድሃ አለመኖሩን ሲናገር ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሳቁ፤ ቴምሩንም ለቤተሰቡ እንዲያበላው ፈቀዱለት።

ቴምሩ የመጣበትን ዕቃ ሐዲሱ በዐረብኛ “ዐረቅ” ይለዋል። በሙስሊም ዘገባ ላይ ይህ ቃል ሲብራራ “ዚንቢል” ተብሏል፤ የእኛው ዘንቢል ማለት ነው። በሁለቱም ቋንቋ ስሙ አንድ ነው፤ የተሠራውም ከዘንባባ ዝርያ ቅጠል ነው። ይህን የምንጠቅሰው ዘንቢል መያዝ ሱና ነው ለማለት አይደለም። የረመዳን ቴምር ከፌስታል በፊትም በክብር ይጓጓዝ እንደነበር ለማስታወስ ነው። እናቶቻችን ገበያ ሲወጡ መጀመሪያ የሚያነሡት ዘንቢላቸውን ነበር፤ ዘንቢል ያልያዘ ሰው ገበያ የሚሄድ አይመስላቸውም ነበር።

አንድ ቤት ስንት ዕቃ ይበቃዋል?

ስድስት ሰው ላለበት ቤት የሚከተለው ይበቃል።

አንድ ዘንቢል ለአትክልት ይሁን። ድንችና ሽንኩርት ከታች፣ ካሮትና ቃሪያ ከመሐል፣ ቲማቲምና ሙዝ ከላይ ይደረጋል። ሁለት ጠንካራ የጨርቅ ከረጢቶች ለሱቅ ዕቃ ይሁኑ፤ ዘይት፣ ስኳር፣ መኮሮኒና ቴምር ይገቡባቸዋል። አንድ ንጹሕ ነጭ ጨርቅ ወይም ከረጢት ለዳቦ ብቻ ይለይ። ትኩስ ዳቦ በፌስታል ውስጥ ሲያልበው ይረጥባል፤ በጨርቅ ግን እስከ ኢፍጣር ደህና ይቆያል። ለእህልና ለዱቄት አንድ የታጠበ ማዳበሪያ ይኑር። ከሰል የሚገዛ ቤት ለከሰሉ ሌላ ማዳበሪያ ይለይለት እንጂ በእህሉ አይጠቀም።

ለሥጋና ለዶሮ ክዳን ያለው ሳህን ወይም ባልዲ ያስፈልጋል። በሸሪዓ ከታረደ እንስሳ ሥጋ ላይ የሚቀረው ደም ይቅር የተባለ እንደሆነ ዑለማዎች አስተምረዋል፤ እዚህ ላይ የምናነሣው የጤና ጉዳይ ነው። የጥሬ ዶሮ ውኃ በከረጢት ውስጥ ከሰላጣና ከቲማቲም ጋር ከተገናኘ፣ ሳይበስል የሚበላው ሰላጣ ፆመኛውን ሊያሳምመው ይችላል።

በጥቂቱ ለሚገዙ ነገሮች፣ ለሩብ ኪሎ ምስር ወይም ለግማሽ ኪሎ ስኳር፣ ከአሮጌ አንሶላ ወይም ነጠላ በገመድ የሚታሰሩ ትናንሽ ከረጢቶች መስፋት ይቻላል። በርበሬና ዘይት ግን ጨርቅ ያበላሻሉ፤ ለእነሱ ክዳኑ የሚገጥም ጣሳና ጠርሙስ ይሻላል።

የመጨረሻው በኪስ የሚታጠፍ ቀጭን ከረጢት ነው። ይህ በተለይ ለአባቶች ነው። ከሥራ ወይም ከመስጂድ ሲመለሱ መንገድ ላይ ዳቦና ፍራፍሬ የሚገዙት ብዙ ጊዜ እነሱ ናቸው፤ ቤት የተሰቀለው ዘንቢል አብሯቸው አይሄድም። መኪና ያለው ሰው አንዱን ከረጢት ከኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ያኑር።

ቁም ነገሩ መልሶ መስቀሉ ነው

ከረጢት የሌለው ቤት ጥቂት ነው። ችግሩ ከረጢቱ በሚፈለግበት ሰዓት አለመገኘቱ ነው፤ አንዱ ማድቤት ሽንኩርት እንደያዘ ይቀመጣል፣ ሌላው አልጋ ሥር ይገባል፣ ሦስተኛው ጎረቤት ቤት ይቀራል። ስለዚህ ሦስት ነገር ይወሰን።

አንደኛ፣ ቦታ። ከውጪ በሩ ጀርባ ሁለት ወይም ሦስት ምስማር ይመታ። ዕቃው ማድቤት ተገልብጦ እንዳበቃ ከረጢቱ ማድቤት አይቀመጥም፤ ወዲያው ወደ በሩ ይመለሳል። የሚወጣ ሰው ጫማውን ሲያደርግ ከረጢቱን ማየት አለበት።

ሁለተኛ፣ ኃላፊ። ከልጆች አንዱ ለረመዳን የዘንቢል ኃላፊ ይሁን። ሥራው ከኢፍጣር በኋላ ዕቃ ሲነሣ ከረጢቶቹን መቁጠር፣ የቆሸሸውን መለየት፣ የቀረውን መስቀል ነው። ገና መፆም ያልጀመረ ሕፃን እንኳ በዚህ ሥራ የረመዳን ድርሻ ይኖረዋል።

ሦስተኛ፣ አነጋገር። ባለሱቁ በልማድ መጀመሪያ የሚያነሣው ፌስታል ነው። ስለዚህ የሚላክ ልጅ የሚገዛውን ከመናገሩ በፊት ከረጢቱን ከፍቶ ባንኮኒው ላይ ያድርግ፤ “ዕቃ ይዣለሁ” ይበል። ዕቃው ፌስታል ውስጥ ከገባ በኋላ መናገር ጥቅም የለውም።

ንጽሕናውም ይታሰብበት። የጨርቅ ከረጢት በሳምንት አንድ ቀን፣ ለምሳሌ ሐሙስ፣ በሳሙና ታጥቦ ፀሐይ ላይ ይሰጣ። የሥጋው ዕቃ በተገዛበት ቀን በሙቅ ውኃ ይታጠብ። ዘንቢል ግን ውኃ ውስጥ አይነከርም፤ አፈሩ ይራገፋል፣ በእርጥብ ጨርቅ ይወለወላል፣ እንዳይሻግት ፀሐይ ላይ በደንብ ይደርቃል።

ሚዛኑ እንዳይጓደል

የራሱን ዕቃ ይዞ የሚሄድ ሸማች አንድ ነገር ልብ ይበል። ከባድ ሳህን ወይም ጣሳ ከሥጋው ወይም ከበርበሬው ጋር ሲመዘን ገዢው የዕቃውን ክብደት በሥጋ ዋጋ ይከፍላል። በሌላ በኩል ደግሞ ነጋዴው በግምት ሲቀንስ ራሱ ሊጎዳ ይችላል። ሚዛንን ማጓደል በቁርኣን አንድ ምዕራፍ በስሙ የወረደበት ከባድ ጥፋት ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ዕቃው መጀመሪያ ባዶውን ይመዘን፣ ክብደቱ ይታወቅ፣ ከዚያ ይቀነስ። ቤት ውስጥ አንዴ ተመዝኖ ክብደቱ ከሥሩ በማይለቅ ቀለም ቢጻፍበት ደግሞ በየጊዜው ክርክር አይኖርም። ሻጭና ገዢ ተማምነው ሲለያዩ ገበያው በረካ ያገኛል።

አዲስ ከረጢት ማብዛትም ኢስራፍ ነው

ፌስታልን ትተን በየሱቁ አዲስ ከረጢት ከገዛን ከአንዱ ብክነት ወደ ሌላው ተሸጋገርን እንጂ አልዳንንም። የእንግሊዝ የአካባቢ ጥበቃ ተቋም በ2011 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት፣ የጥጥ ከረጢት ለማምረት የሚያስከትለው የአየር ንብረት ጫና አንዴ ተይዞ ከሚጣል ፌስታል የተሻለ እንዲሆን ቢያንስ 131 ጊዜ ማገልገል አለበት። ጨርቅ የሚመስለው፣ ነገር ግን ፖሊፕሮፒሊን ከሚባል ፕላስቲክ የሚሠራው ከረጢት ደግሞ 11 ጊዜ ይበቃዋል። በየቀኑ ገበያ ለሚወጣ የረመዳን ቤተሰብ 11 ጊዜ ገና የወሩ አጋማሽ ሳይደርስ ይሞላል፤ 131 ጊዜ ግን ከአራት ወር በላይ ይጠይቃል። ትርጉሙ ግልጽ ነው፦ ቤት ያለውን ተጠቀሙ፣ ሲቀደድ ስፉት፣ መግዛት ካስፈለገ ጠንካራውን ግዙ። ያን ጊዜም ዘንቢል ከሚሠፋ፣ ከማዳበሪያ ከረጢት ከሚሰፋ የሰፈር ሰው መግዛት ለአንድ ቤት እንጀራ ይሆናል።

ቤት የተጠራቀመውን ፌስታልም ለቆሻሻ መያዣ መጠቀም ይቻላል። ከሰል ለማቀጣጠያ ግን አይሁን። ጭሱ ምግብ የምትሠራዋን እናትና በአጠገቧ ያለውን ሕፃን ይጎዳል።

በመስጂድና በዘካተል ፊጥር

ለተራዊሕ ስንመጣ ብዙዎቻችን ጫማችንን በፌስታል እንይዛለን። ሶላቱ ሲያበቃ የመስጂዱ ደጅ በተጣለ ፌስታል ይሞላል። ለጫማ አንድ ጠቆር ያለ የጨርቅ ከረጢት ይሰፋ፤ በየሌሊቱ እሱው ይመላለስ። መልኩ ከምግቡ ከረጢት ፈጽሞ የተለየ ይሁን፤ ጎዳናና መጸዳጃ የረገጠ ጫማ የገባበት ከረጢት ነገ ዳቦ ሊገባበት አይገባም።

ወሩ ወደ ማብቂያው ሲቃረብ ደግሞ ዘካተል ፊጥር አለ። በአንድ ሰው አንድ ሷዕ ነው፤ ይኸውም በመካከለኛ ሰው ሁለት እጅ ገጥሞ አራት እፍኝ፣ በኪሎ ሲገመት ከሁለት ተኩል እስከ ሦስት ኪሎ እህል ነው። ስድስት ሰው ያለበት ቤት ከ15 እስከ 18 ኪሎ ያወጣል። ይህ እህል በሚቀደድ ፌስታል ተከፋፍሎ ለድሃው ከሚደርስ በንጹሕ፣ በተሰፋ የጨርቅ ከረጢት ቢደርሰው መልካም ነው። እህሉ አይፈስበትም፤ ከረጢቱም ለእሱ ይቀርለታል፣ ከዒድ በኋላ ለገበያው ይሆነዋል። ያረጀውንና የቆሸሸውን ግን አንስጥ። ለራሳችን ዓይናችንን ሳንጨፍን የማንቀበለውን ነገር መርጠን እንዳንሰጥ ታዘናል።

ለጎረቤት የምንልከውንም ሳንቡሳና ሾርባ እንደ ቀድሞው በሳህን እንላከው። ሳህን ይመለሳል፤ በእኛ አገር ደግሞ ባዶውን አይመለስም። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ጎረቤት አንድ ነገር አድርጎበት ይመልሰዋል፤ በዚያው መጠያየቅ ይኖራል። በፌስታል የተላከ ግን ተመልሶ የሚመጣበት ምክንያት የለውም።

ረመዳን ልማድን ለመለወጥ የሚያመች ወር ነው፤ ከንጋት እስከ መግሪብ ከሐላል ምግብ እንኳ ራሱን የሚገታ ሰው እጁን ከፌስታል መግታት አይከብደውም። ዛሬ ከዐስር በፊት ምስማሩ ይመታ፣ ዘንቢሉ ይሰቀል። ሰላሳ ቀን የተደረገ ነገር ለሸዋልም ይተርፋል።

አላህ ፆማችንን፣ ሶላታችንንና ሰደቃችንን ይቀበለን። ረመዳን ሙባረክ።