አሞራ ሲጠፋ ጥንቡን ማን ያነሳል?

በእብናት ገጠር አንድ የእርሻ በሬ ሲሞት ቆዳው ተገፎ ጥንቡ ከመንደር ወጣ ወዳለ ሜዳ ወይም ወደ ገደል አፋፍ ይጣላል። መጀመሪያ ቁራ ይመጣል፤ ቀጥሎ ጥንብ አንሳውና ጆፌው ከሰማይ እየተወረወሩ ይወርዳሉ። በቂ አሞራ ካለ ፀሐይ ሳትጠልቅ የሚቀረው አጥንት ብቻ ነው። አጥንቱንም ቢሆን ይዞ ወጥቶ ከድንጋይ ላይ እየጣለ ሰብሮ የሚውጥ አሞራ በደጋው ገደላ ገደል ይኖራል። ለዚህ የጽዳት ሥራ ደመወዝ የከፈለ የገበሬ ማኅበር የለም። ስለዚህም ይመስላል ሥራው እንደ ሥራ ሳይቆጠር የኖረው።

ስለ ወፍ ተመልካችና ስለ ተፈጥሮ ጥበቃ ቡድን ሲነሳ በብዙ ገበሬ ዓይን የሚመጣው የርቀት መነጽር በአንገቱ ያንጠለጠለ እንግዳ ነው። ይህ ፈጽሞ ስሕተት ነው አይባልም። የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1966 በአዲስ አበባ ሲቋቋም የከተማ ሰዎችና የውጭ አገር ዜጎች ነበሩበት፤ ‹ዋልያ› የተባለውን መጽሔቱንም የሚያነበው የተማረው ክፍል ነበር። ነገር ግን ማኅበሩ እ.ኤ.አ. በ1996 ለአእዋፍ ከፍተኛ ጠቀሜታ ያላቸውን 69 ቦታዎች መዝግቦ ባሳተመ ጊዜ አንድ ነገር ግልጽ ሆነ። ከቦታዎቹ ብዙዎቹ ገበሬ የሚያርስባቸው፣ ሣር የሚያጭድባቸውና ከብት የሚያሰማራባቸው ናቸው። የእኛው ጎረቤት የፎገራ ሜዳም ከነዚሁ አንዱ ነው። ገበሬው የሌለበት ጥበቃ በእንደዚህ ያለ ቦታ የወረቀት ጥበቃ ሆኖ ይቀራል።

የአሞራ ነገር ቀልድ አለመሆኑን ሕንድ በከባድ ዋጋ ተምራዋለች። በዚያ አገር በሚሊዮን የሚቆጠሩ አሞራዎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ በድንገት ያልቁ ጀመር፤ በሦስት የአሞራ ዓይነቶች ላይ ከ100 ከ95 የሚበልጡት ጠፉ። ምክንያቱ ለብዙ ዓመታት ሳይታወቅ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2004 ተደረሰበት። ዲክሎፌናክ የተባለው፣ ሰውም ለሕመም ማስታገሻ የሚወስደው መድኃኒት ለታመሙ ከብቶች ይሰጥ ነበር። ከብቱ መድኃኒቱን እንደወሰደ ብዙም ሳይቆይ ከሞተና አሞራው ጥንቡን ከበላ ኩላሊቱ ይበላሽና በጥቂት ቀናት ውስጥ ይሞታል። እ.ኤ.አ. በ2006 ሕንድ፣ ፓኪስታንና ኔፓል መድኃኒቱ ለከብት እንዳይሰጥ ከለከሉ። በከልካዩ ፈንታ ሜሎክሲካም የተባለው መድኃኒት ለአሞራ ጉዳት የሌለው ሆኖ ተገኘ።

ጥንቡ ግን የሚያነሳው አጥቶ በየሜዳው ተከማቸ። ውሻ በዛ፤ የእብድ ውሻ በሽታ ሥጋት ጨመረ፤ ውሃም ተበከለ። እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመ አንድ የምጣኔ ሀብት ጥናት በአሞራው መጥፋት ሰበብ እ.ኤ.አ. ከ2000 እስከ 2005 ባለው ጊዜ ብቻ ከ500,000 የሚበልጥ ሰው ሕይወቱን እንዳጣ ገምቷል። ይህን ቁጥር አንብቦ አሞራን አስቀያሚ ወፍ ነው ብሎ ማለፍ ያስቸግራል።

በአፍሪካ ዋናው የአሞራ ጠላት መርዝ ነው። ገበሬው በጉን የበላበትን ጅብ ወይም ያስቸገረውን የባዘነ ውሻ ለመግደል ሥጋ ላይ መርዝ ያደርጋል። ሐሳቡ አንድ ጅብ መግደል ነው፤ ነገር ግን ወደ አንድ ጥንብ በአሥሮች፣ አንዳንዴም በመቶ የሚቆጠር አሞራ ይወርዳል፤ ሁሉም አብሮ ያልቃል። ትልልቆቹ አሞራዎች በዓመት የሚጥሉት አንድ እንቁላል ብቻ ሲሆን ጫጩቱም አድጎ ለመራባት ዓመታት ይፈጅበታል። ስለዚህ በአንድ ጧት የጠፋው መንጋ በአሥር ዓመትም ላይተካ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2015 በአገራችን ገደሎች የሚራባው ትልቁ ጆፌ አሞራ በዓለም አቀፉ መዝገብ ሊጠፉ በእጅጉ ከተቃረቡት ዝርዝር ውስጥ የገባው በዚህ ዓይነት ምክንያት ነው። ነጩ ትንሽ ጥንብ አንሳም ከቡልጋሪያና ከአካባቢው ተነስቶ ክረምቱን ለማሳለፍ ወደ ኢትዮጵያ፣ በተለይም ወደ አፋር ቆላ እንደሚመጣ በጀርባው ከታሰረለት መከታተያ መሣሪያ ተረጋግጧል። እዚህ የተጣለ መርዝ እዚያ ጎጆ ይዘጋል ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ ያሻል። ድንገት የሞተና ከአፍንጫው ወይም ከፊንጢጣው ደም የሚፈስ ከብት በአባ ሠንጋ ሳይጠረጠር አይቀርም። እንዲህ ያለው ከብት አይገፈፍም፣ አይበለትም፣ ለአሞራም አይተውም፤ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ተጠርቶ በጥልቀት ይቀበራል ወይም ይቃጠላል።

የገበሬ ማኅበር መሪዎችን ይልቁንም የሚያሳስባቸው ሌላ ጉዳይ ነው። ዛሬ ወፍ ይጠበቅ ከተባለ ነገ መሬቱ ፓርክ ነው ተብሎ ግጦሻችን ይከለከል ይሆን የሚል ሥጋት አለ። ሥጋቱ ያለ ምክንያት የመጣ ስላልሆነ በምክር ብቻ አይወገድም፤ ምሳሌ ይፈልጋል። ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ የሚገኘውን የበርጋን ረግረግ እንውሰድ። በዚያ ሣር ውስጥ በክረምት የምትራባ፣ በዓለም ላይ እጅግ ጥቂት ቁጥር የቀራት አንዲት ትንሽ ወፍ አለች። የበርጋ ገበሬዎች የራሳቸውን የወፍ ወዳጆች ቡድን አቋቁመው ወፊቱ በምትፈለፍልበት ወቅት ከብት ሣሩን እንዳይረግጠው መጠበቅ ያዙ። ድርቆሹ የእነርሱው ነው፤ መሬቱም ከእጃቸው አልወጣም። ከደቡብ አፍሪካ የወፍ ጥበቃ ወገኖች በተገኘ ድጋፍም ለልጆቻቸው ትምህርት ቤት ተሠርቷል።

የመንዝ ጓሳም የቆየ ምስክር ነው። በዚያ ሕዝቡ ራሱ በመረጠው ቄሮ አማካይነት የጓሳውን ሣር ለዓመታት ዘግቶ፣ ቀን ቆርጦ ከፍቶ እያጨደ ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ኖሯል። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሲታወጅ የጥንቱ ሥርዓት ፈረሰ፤ ሣሩም ተጎዳ። ኋላ ግን በዙሪያው ያሉት የገበሬ ማኅበራት ተመካክረው ጥበቃውን በሌላ መልክ መልሰው አቋቋሙት። በእኔ አስተያየት ከበርጋ ይልቅ ለእብናት መሪ የሚቀርበው ይኸኛው ታሪክ ነው፤ ደንቡን ያወጡት የሣሩ ባለቤቶች ራሳቸው ናቸውና።

ግሪሳስ? ይህ ጥያቄ በማሽላ አገር መነሳቱ አይቀርም። የወፍ ጥበቃ ቡድን ገበሬው ማሽላውን ለግሪሳ ይመግብ አይልም። በየጊዜው የሚታየው ችግር ለግሪሳ የሚረጨው ኬሚካል አይጥ የሚበላውን ጉጉትና ጭልፊትንም የሚገድል መሆኑ ነው። ሽመላ ደግሞ ተምችና አንበጣ ይለቅማል። ሰማይ የሸፈነ የአንበጣ መንጋ ሽመላ ይጨርሰዋል ማለት ግን ሞኝነት ነው።

ወፍ ችግኝ ተካይም ነው። የወይራውን፣ የጥዱንና የዋንዛውን ፍሬ በልታ ዘሩን ሌላ ቦታ ትጥላለች። በደቡብ ጎንደር የደብር ደኖች ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ የዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ጥናት ችግኝ እንዳያድግ ከሚያደርጉት ነገሮች አንዱ የከብት ልቅ ግጦሽ መሆኑን አሳይቷል። ከዚያ ወዲህ በአንዳንድ አድባራት ዙሪያ ከማሳ በተለቀመ ድንጋይ ካብ ተሠርቷል፤ ማሳው ጸዳ፣ ደኑም ታጠረ። እብናት በ1977 ዓ.ም. ድርቅ የረሀብተኛ መጠለያ የነበረበት አገር ነው፤ የተራቆተ ተዳፋት ምን እንደሚያስከትል ሽማግሌዎቹ ያውቁታል። ከዚህ ታጥቦ የሚወርደው አፈር ከፊሉ በርብ ወንዝ ወደ ፎገራ፣ ከዚያም እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ ወደ ተመዘገበው የጣና ክልል ይገባል።

እንግዲህ አንድ የገበሬ ማኅበር፣ በዛሬው የመንግሥት አጠራር የገጠር ቀበሌ፣ ቡድን ለማቋቋም ምን ያስፈልገዋል? ብዙ ገንዘብ አያስፈልገውም። ከየጎጡ አንድ አንድ ሰው ይበቃል። እረኛ ልጅ ቢኖርበት መልካም ነው፤ ገደሉን ከሁሉ የሚያውቅ እረኛ ነውና። ትምህርት ቤቱ የተፈጥሮ ክበብ ካለው መምህሩን ማስገባት ጽሕፈቱን ያቃልላል። የርቀት መነጽር ቢገኝ ጥሩ ነው፤ ባይገኝ አሞራና ሽመላ በዓይን ይቆጠራሉ። መጀመሪያ የወፎቹን ስም ከሽማግሌዎች መጻፍ ይገባል። ወፍ እንዳገሩ ይጮኻል እንደሚባለው ስሙም እንዳገሩ ነው፤ የደጋው ስም ለቆላው ላይገባ ይችላል። ከዚያ በየወሩ በአንድ በታወቀ ቀን፣ በአንድ በታወቀ መንገድ ሄዶ ያዩትን መቁጠርና በደብተር መመዝገብ ነው፤ መንገዱና ሰዓቱ በየወሩ ከተለወጠ ቁጥሩን ማወዳደር አይቻልም።

ሊቀመንበሩ በጉባኤ ሊያስወስን የሚገባው ደግሞ አለ። ሥጋ ላይ መርዝ ማድረግ በመተዳደሪያ ደንብ ይከልከል፤ በጉ በጅብ የተበላበት ሰው ግን ብቻውን እንዳይቀር ጎጡ ተባብሮ በረቱን በእሾህ አጥር ያጠናክርለት፤ ይህ ካልሆነ ክልከላው በጨለማ ይጣሳል። የጥንብ መጣያው ከምንጭና ከቤት ራቅ ብሎ በአንድ ቦታ ይወሰን። ለበሬ ከመድኃኒት ቤት የተገዛ የሰው ክኒን አይሰጥ፤ የሕመም ማስታገሻ ሲያስፈልግ የእንስሳት ጤና ባለሙያውን ስለ ሜሎክሲካም መጠየቅ ይቻላል። አሞራ ጎጆ የሠራበት ገደል በሚፈለፍልበት ወራት ድንጋይ አይፈነቀልበት።

በውሃ ዳር የሚኖሩ ወፎች አገር አቀፍ ቆጠራ የሚካሄደው በጥር ወር ገደማ ነው። ቡድኑ በኅዳር ተቋቁሞ ሁለት ጊዜ ከተለማመደ በጥር የራሱን ቁጥር ይዞ ይቀርባል። ዝርዝሩን በሁለት ቅጂ ጽፎ አንዱን በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ማስቀመጥ፣ ሌላውን ለወረዳው የግብርና ጽሕፈት ቤት መስጠት ያስፈልጋል። የመቁጠሪያው ቀን ከገበያ ቀንና ከበዓል ጋር እንዳይጋጭ ከወዲሁ ይታሰብበት።